ማን ቀደመ

ከዓባይ ድልድይ ማዶ፣ በዘንዘልማ መንገድ፣
ሲኖትራኮች ተሰልፈው ድንጋይ ለመውሰድ፣
ማለዳ ደረስኩኝ መዶሻ አንጠልጥዬ፣
ደብተሬ ብብቴ ስር፣ እርሳሱ ከጆሮዬ።

ካባው ተቦርቡሮ የምድር አንጀት ይታያል፤
ከታች ቀይ አፈር፣
ከመሃል ጥቁር ድንጋይ፣
ከላይ ደግሞ ቀይ አፈር ተነባብሯል።
ቀላል ነው አልኩ፤ የታችኛው አያት፣
መሃለኛው አባት፣ የላዩ ልጅ ይባላል።
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብዬ ቁጥር ጻፍኩባቸው፣
እንደ ቀበሌ ጸሐፊ መታወቂያ ሰጠኋቸው።

"እስኪ እንየው" አልኩ ለራሴ፣ ጠጋ ብዬ ሳይ።
"አቤት!" አለ አንድ ሰው ከቋጥኙ በላይ።
ለካ ስሙ እንየው ነው፤ ሃያ ዓመት ፈልጧል፤
አቧራው ቅንድቡን ከዕድሜው አስቀድሞ አሸብቷል።

ወርዶ ቁጥሬን አየ። ሳቀብኝ፣ ግን ቀስ ብሎ፣
ጣቱን ከላይኛው ጠርዝ፣ ጥቁሩና ቀዩ ከተነካኩበት ላይ ጥሎ፦
"ይህን ንኪው እህቴ። ጡብ ሆኗል።
እሳት ሲፈስ ከስሩ ያለውን ያቃጥላል፣ ይህ ደንብ ነው።
ከበረደ በኋላ ነፋስና ጎርፍ የሚያለብሱት አፈር ግን
ምን ያገኘዋል?
ታዲያ የላዩን ማን ለበለበው?"

እጅጌውን ሰበሰበ። ክንዱ ላይ ጠባሳ፣
የአስፋልት ሬንጅ የላሰው፣ የሻረ ግን ያልተረሳ።
"ክንዴ ነው የቀደመ ወይስ ጠባሳዬ?" አለ፤
ሳልመልስለት መዶሻውን አንስቶ ሥራውን ቀጠለ።

ሦስቱንም ቁጥር ሰረዝኩ።
ጥቁሩ ከስር ሰንጥቆ ነው የገባው፣
ሁለቱ አፈሮች ከተኙ፣ እንቅልፍ ከወሰዳቸው በኋላ፤
መሃል የተንሰራፋው የሁሉም ታናሽ ነው፤
የቀዩን ስባሪ በሆዱ ይዟል፣ እንደ ሽል።
በሰው ወግ ያረገዘች ትቀድማለች፤
በድንጋይ ወግ ግን የታቀፈው ያቀፈውን በዕድሜ ይበልጣል።

ያን ጊዜ ነው ባይለየኝ ትዝ ያለኝ።

ባለፈው ጥር፣ ሐይቁ ዳር ከቤታችን ደጃፍ ድንኳን ተጥሎ፣
የአባታችን አርባ ሲወጣ፣
ከዱር ቤቴ አንድ ሰው በአይሱዙ መጣ፣
ጫማውን አራግፎ፣ "የበኩር ልጁ ነኝ" ብሎ።
ማስረጃ አልን። የልደት ካርድ፣ ምስክር፣ ፎቶግራፍ።
ታላቅ የምንለው ይስማው ከወንበሩ አልተነሳም፤
ከእኔም አፍ አልወጣም "እለፍ"።
ስሙን ያወጣለት አባታችን ነው አሉ፣ ባይለየኝ ብሎ፤
በሦስተኛ ዓመቱ ተለየው፣
ወደ ባሕር ዳር፣ ወደ እናታችን፣ ወደ እኛ ኮብልሎ።

ቀድሞ የወጣን ጆሮ ኋላ የወጣ ቀንድ በለጠው ይባላል።
ይብለጠው።
በሩ ሲዘጋ የሰማው ግን ጆሮው ነው።

አሁን ሳስበው፣ "አባቴ" ሲል
ድምፁ ጠርዙ ላይ ይጠቁር ነበር፣ እንደዚህ አፈር።
እኔ ልቅሶ መስሎኝ።
ምን ካርድ፣ ምን ምስክር?
የተቃጠለው ነው የነበረ።
እኛ ነን ትኩሶቹ፤ እኛ ነን መሃል ገብተን
በረድንና ጠጠርን፣
ግድግዳ ሆንን፣
ከዚያ "ማን ነህ?" አልን።

ማታ በድልድዩ ስመለስ ጣና ጥቁር አለቱን ተንተርሶ ተኝቷል።
ውኃው ከድንጋዩ ያንሳል፤ ድንጋዩ መንገድ ዘግቶበት ነው ሐይቅ የሆነው፤
ፈተና ላይ ጽፌው ሙሉ ነጥብ አግኝቻለሁ።
ሊቀዳ የወረደ ሰው ግን ዕድሜውን ሲጠይቀው አላየሁም።

ለይስማው ደወልኩ። ቃል አጠረኝ።
"ያ ሰውዬ... ዱር ቤቴ ሄደን... እስኪ እንየው" አልኩት።

"እንየው ደግሞ ማነው?" አለኝ።